የማግኔቱ ቁጥር ሲዘል

ለውድ ታላቅ እህቴ፤

ጤናሽ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ጤና የነሳኝ።

የሸለቆውን ጥናት ቀጥለናል። ደለል ቀላል በመሆኑ፣ በወፈረበት ስፍራ የስበት ልኬቱ ይቀንሳል፤ ከሥሩ ያለውን አለት ደግሞ በማግኔት መለኪያው እንከታተላለን። መለኪያው አጠገቡ ብረት ካለ ስለሚሳሳት፣ ቀበቶና ስልክ መኪናው ውስጥ ትተን እንወርዳለን።

ታናሽ ወንድማችን ረዳቴ ሆኗል። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም ማለት ይቻላል፤ ሥራው ያጽናናዋል ብዬ ነበር። ትናንት ግን እሱ በቀረበ ቁጥር ቁጥሩ ይዘል ጀመር። ለማጣራት ራቅ እንዲል ጠየቅሁት፤ ተስተካከለ። መልሼ ጠራሁት፤ ዘለለ።

«ኪስህ ውስጥ የረሳኸው ነገር ይኖር ይሆን?» አልኩት።

«የእኔን ኪስ ደግሞ ማን ይፈትሻል ጋሼ? አይጥ እንኳ ተስፋ ቆርጣበታለች!» ብሎ ሳቀና በዚያ ሐሩር ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆለፈ።

ከዚያ ወዲህ ከዓይኔ አልለየውም። አልጋዬንም እሱ ድንኳን አስገብቻለሁ፤ የእኔ ያፈስሳል ብዬዋለሁ።

እህቴ፣ ወደዚህ ሲመጣ አንቺ ቤት አድሮ ነበርና፣ የአባባ ሽጉጥ ሣጥኑ ውስጥ በቦታው መኖሩን እባክሽ ተመልከቺልኝ።

እሱም ሰላም ብሎሻል፤ «ላስቸገርኳት ሁሉ ይቅር ትበለኝ በልልኝ» ሲልም አክሏል።

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥሽ ሾፌራችን ነው። ሣጥኑን ካየሽ በኋላ፣ ምንም ሳትሰናጂ በዚያው መኪና ነዪ። አንቺን እንደ እናቱ ይሰማሻል።

በሰላም ያገናኘን።

አክባሪ ወንድምሽ