የእማዬ ወገብ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ፣ ብርዱስ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ይህን አስቀድሚ ስላለችኝ አስቀድሜያለሁ።

በየጠዋቱ ሳሎን ምንጣፍ ላይ የወገብ እንቅስቃሴ አሠራታለሁ። በጀርባዋ ተኝታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ወገቧን ከምንጣፉ ታነሣለች። አሥር ስላት ሃያ ትሠራለች።

"እማዬ፣ ውድድር አይደለም እኮ!"

"ያስተማርኩሽ እንድትሰስቺብኝ ነው?"

መጀመሪያ ሰሞን እጄ በወገቧ ሥር በግድ ነበር የሚገባው፤ አሁን እንደ ልቡ ያልፋል። ቀሚሷንም ሁለት ጊዜ አጥብቤላታለሁ። ለጎረቤት "ስፖርቱ ሸንቃጣ አደረገኝ" እያለች ታወራለች።

እኔ ለጊዜው ቤት ነኝ። እማዬ ራጅ ትነሣ ብዬ ስጽፍ፣ የክሊኒካችን ኃላፊ "አንቺ እንቅስቃሴ አሠሪ እንጂ ሐኪም አይደለሽም" ብሎ ወረቀቱን በሰው ፊት ቀደደው። የጡንቻ ሕመም ሲተኙ ይቀላል፣ የእሷ ግን ይብሳል አልኩት። ጮኽሽብኝ ብሎ ከሥራ አገደኝ። ይቅርታ ጠይቂ ይሉኛል፤ ሞቼ ነው ቆሜ!

ሌላ ሆስፒታል ወስጄ ራጅ አስነሣኋት። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ይዤ አየሁት። ትክክል በመሆኔ ደስ አላለኝም።

ልትልክልኝ ያሰብከውን ጫማ ተወው። እማዬ "ወንድምሽ ለዓመቱ ይመጣል፣ አታስቸኩይው፤ ለዓመቱ ና ብለሽ ጻፊ" ብላኛለች፤ ይኸው ጽፌያለሁ። የእኔን ቃል ከሰማህ ግን በዚህ ወር ና።

እማዬ ሁለቱንም ጉንጮችህን ስማለች። በደህና ያገናኘን።

እህትህ