ያረጋል፣ የፀሐዩን ቴሌስኮፕ ጠገኑት

ውዴ ያረጋል፣

ሊማሊሞ ላይ ከተለየኸኝ የፊታችን ታኅሣሥ ዐሥር ዓመት ይሞላል። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ልቅሶ ብቻ ይሆንብኝ ነበር፤ አንተ ደግሞ ልቅሶ አትወድም። አሁን ግን የምነግርህ ነገር ሞልቶኛል። ከፊሉ ደስ ይልሃል፣ ከፊሉ ያናድድሃል፣ አንዱ ደግሞ ትንሽ ያሳፍርሃል።

መጀመሪያ የቤታችንን ልንገርህ። እናትህ ደህና ናቸው። ከቀብርህ በኋላ ዳባት ብቻቸውን አልተዋቸውም ብዬ ወደ ደባርቅ አመጣኋቸው። "ለሁለት ሳምንት ነው" ብለው የመጡ ሰው ይኸው አሉ። ጉልበታቸው እንጂ ምላሳቸው አልደከመም። የጓሮውን አጥር በድንጋይ አስጠግኜዋለሁ። ከሊማሊሞ ወዲያ ያለው መንገድ በጦርነቱ ስለተዘጋ ከአዲ አርቃይ በኩል የሚመጣ መኪና የለም፤ ገበያውም ሳስቷል። እኔ አሁንም እሰፋለሁ፤ ግን በእጄ ነው። የስፌት መኪናዬ ለምን እንደሌለች እመጣበታለሁ።

ከመሞትህ ጥቂት ሳምንታት በፊት ለምሳ ስትመጣ ፊትህ ጠቁሮ ነበር። ምድርን እየዞረ ፀሐይን እንዲመለከት አሜሪካኖች የላኩት ቴሌስኮፕ መበላሸቱን በሬዲዮ ሰምተህ ነበር። ፊውዞቹ ተቃጥለው ወደ ፀሐይ አነጣጥሮ መቆም አቅቶታል አልከኝ። ያናደደህ ግን መበላሸቱ አልነበረም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል "ሄደው ይጠግኑታል" ብትላቸው ባልደረቦችህ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብህ። "ማን ነው ካቻቪቴ ይዞ ሰማይ የሚወጣው?" አሉህ። አንተ እጅህን እንኳ ሳትታጠብ ለእኔ ታስረዳኝ ጀመርክ። "ሙሌ፣ ሲሠሩት ክፍሎቹን እንደ መሳቢያ ተስበው እንዲወጡ አድርገዋቸዋል። ሊጠግኑት ባያስቡ ለምን እንዲህ ይሠሩታል?" ወጡ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ቆላ የሚወርዱትን መምህራን የጫነው መኪና ሊማሊሞ ጠመዝማዛው ላይ ተገለበጠ። ስለዚያ ቀን አልጽፍም። አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ።

አርባህ ሳይወጣ ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጥተው ቴሌስኮፕህን ወሰዱት። ከዘይት ቆርቆሮ የሠራኸውን፣ በጥቁር ጨርቅ የለበጥኩልህን። "በሱ ተራራና መንገድ ይታያል፤ ጠላት እጅ ቢገባ አደጋ ነው" አሉኝ። የፀሐይን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ከማሳረፍ በቀር ሌላ ነገር አይተህበት እንደማታውቅ ብነግራቸው አልሰሙኝም። ከመጋዘን ጥግ ጣሉት።

አንድ ጊዜ ይህንኑ ቆርቆሮ በበቅሎ ጭነን ተራራው ላይ ጨነቅ እስከሚባለው ቦታ ድረስ መውጣታችንን ታስታውሳለህ? የፓርኩ ዘበኛ ምን እንደሆነ ጠይቆን "ፀሐይ ማያ ነው" ስትለው ቀና ብሎ "ያለሱስ አትታይም?" አለህ። የእጅ መዳፍ የምታህል ብርሃን ወረቀቱ ላይ አሳረፍክ፤ በላይዋ ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ነበሩ። ደባርቅ ላይ ስናየው ጠርዙ ይርገበገብ ነበር፣ እዚያ ግን ረጋ ብሎ ቆመ። "ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይቀንሳል" አልከኝ። "አየሩ ብርሃኑን ያወዛውዘዋል፤ ብዙውን ዓይነት ጨረር ደግሞ ጨርሶ አያሳልፈውም። ለዚህ ነው ቴሌስኮፑን ከአየር በላይ የሚያወጡት።" እኔ ያን ጊዜ ይበልጥ የማየው ወረቀቱን ሳይሆን ፊትህን ነበር። ቢሆንም ሰምቼሃለሁ።

እንግዲህ ስማኝ። በሰባ ስድስት ሚያዝያ፣ ጨርቅ ስቀድድ ከውጭ ጣቢያ በአማርኛ ወሬ ይነገራል። ጠፈርተኞች ወጥተው ያንን የፀሐይ ቴሌስኮፕ ጠገኑት አለ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። እናትህን ጠርቼ "እማማ፣ ጠገኑት!" ብላቸው፣ "ማንን?" አሉ። ነገሩን ስነግራቸው እልል አሉ። ጎረቤት የተወለደ ልጅ አለ ብሎ መጣ።

በማግስቱ በጠዋት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ማረፊያ ክፍሉን ሳላንኳኳ ገባሁና፣ "ማን ነው ካቻቪቴ ይዞ ሰማይ የሚወጣው ብላችሁ ነበር። ወጥተዋል። ጠግነውታልም" አልኳቸው። ጓደኛህ መምህር ገበየሁ ብቻ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ሌሎቹ አቀረቀሩ። ከነሱ አንዱ ግን የውጭ ሬዲዮ እንደማዳምጥ ለቀበሌ ተናገረብኝ።

ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሊቀመንበሩ ቆሞ፣ "ጓዲት ሙሉነሽ የኢምፔሪያሊስቶችን ሬዲዮ ታዳምጣለች፤ ወሬያቸውንም ትነዛለች። ግለ ሂስ ታድርግ" አለ። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽህም። ግን አንተ ለምሳ የመጣህባት ቀን ትዝ አለችኝና ቆምኩ።

"እሺ፣ ያዳመጥኩትን በሙሉ እናዘዛለሁ" አልኩ። ተናገርኩም። አንደኛው ጠፈርተኛ ከመንኮራኩሩ ወጥቶ ብቻውን ወደ ቴሌስኮፑ እንደበረረ፣ በያዘው መቆለፊያ ደጋግሞ ሊይዘው ሞክሮ እንዳልያዘለት፣ በእጁ ክንፉን ቢጨብጠው ጭራሽ መሽከርከር እንደጀመረ ነገርኳቸው። የቴሌስኮፑ ባትሪ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ምድር ላይ ያሉት ባለሙያዎች በሬዲዮ ትእዛዝ አረጋጉት፤ ከዚያ መንኮራኩሩ በረጅም የብረት ክንዱ ያዘው፤ ጭነት ማስቀመጫው ውስጥ አቆሙትና ሁለት ሰዎች የተቃጠለውን ሳጥን አውጥተው አዲስ ከተቱበት። "ይህ ቀላሉ ነው" አልኳቸው። "ከዚያ በኋላ ደግሞ በጓንት እንዲከፈት ታስቦ ያልተሠራውን ሌላ ክፍል ከፈቱት። ብሎኖቹ እንደ ሰናፍጭ ደቃቅ ናቸው። እዚህ ያላችሁ ሴቶች፣ በወፍራም ጓንት መርፌ ውስጥ ክር አስገብታችሁ ታውቃላችሁ?"

ሴቶቹ ሳቁ። ከኋላ አንዲቱ "በባዶ እጃችንስ መቼ ገባልን!" አለች። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ደበደበና፣ "ስህተትሽን ተናገሪ!" አለኝ።

"ስህተት አልሠራሁም። ባለቤቴ ይጠግኑታል ብሎ ነበር፤ ጠገኑት። ስቃችሁበት ነበር፤ አሁን እወቁት" አልኩና ተቀመጥኩ።

አሰሩኝ። ወረቀት አምጥተው "ተሳስቻለሁ" ብለሽ ፈርሚ አሉኝ፤ አልፈረምኩም። የስፌት መኪናዬን ለሴቶች ማኅበር ብለው ወሰዷት። እናትህ ስንቅ ይዘው በየቀኑ ይመጡና ዘበኛውን፣ "ሰማይ ያለውን ጠገኑት ብላ ነው የታሰረችው? እኔም ብያለሁ! ክፈትልኝና ልግባ!" ይሉት ነበር። ዘበኛው የዳባት ልጅ ነው፤ እናትህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ መግቢያ ያጣል። በስድስተኛው ቀን ፈቱኝ። የፈቱኝ እሳቸውን ማስታገስ አቅቷቸው ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ሰው ልብስ ሊያሰፋኝ ይፈራ ነበር። ጨርቃቸውን በጓሮ በር የሚያቀብሉኝ ነበሩ። ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ ሥራ ያመጣችልኝ ሴትም ነበረች። የሚሰድበኝም አልጠፋም። በመርፌ ብቻ ስሰፋ ጣቶቼ ቆረፈዱ፣ ግን ሠራሁ። አንገቴን ደፍቼ አላለፍኩም፤ ይህን ልታውቅልኝ እፈልጋለሁ።

አምና መጋዘኑ ለወታደሮች ሲለቀቅ ቆርቆሮህን ከቆሻሻ ጋር አወጡት። ሮጬ ደረስኩበት። "ይህ የኔ ነው" ስላቸው ማንም አልከለከለኝም፤ ምን እንደነበር የሚያስታውስ እንኳ አልነበረም። የፊተኛው መስተዋት ተሰንጥቆ፣ ጨርቄን አይጥ በልቶታል። ጨርቁን እንደገና ለበጥኩት። መስተዋቱን ግን ከየት ላምጣ? መሪጌታ ላቀው ይህን ሰምተው እቤት ድረስ መጡና የማንበቢያ መነጽራቸውን አንዱን ዓይን ነቅለው ሰጡኝ። "እርስዎስ በምን ያነባሉ?" ብላቸው፣ "የማነበውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ይልቅ ፀሐይቱን አሳዪኝ" አሉኝ። ገበየሁ ርቀቱን ለክቶ ገጠመልኝ። ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ስታርፍ ነጥቦቹ እንዳንተ ጊዜ ሞልተዋል። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። በማግስቱ ተማሪዎቻቸውን ሁሉ ይዘው መጡ።

አሁን የሚያሳፍርህ ላይ ደረስኩ። ጨነቅ ላይ "ጥቁር ነጥብ ሲበዛባት ፀሐይ ትደክማለች" ብለኸኝ ነበር። ተሳስተሃል! ገበየሁ ከጎንደር ያመጣው መጽሔት ላይ ነው ያነበበልኝ። የተጠገነው ቴሌስኮፕ ለዓመታት ብርሃኗን ለክቶ እንዳገኘው፣ ነጥቦቹ በሚበዙበት ዘመን ፀሐይ በጥቂቱም ቢሆን ይበልጥ ታበራለች። በነጥቦቹ ዙሪያ የሚፈጠሩ ደማቅ ቦታዎች ጥቁሮቹ ከሚቀንሱት ብርሃን ይልቅ ይጨምራሉ። ከምድር ሆኖ ይህን ለይቶ መለካት አይቻልም ነበር፤ አየሩ ያሳስታል። ይህን ስሰማ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ትክክል ነበር እያልኩ ስሟገትልህ እንደ ሥዕል ሆነህብኝ ኖሯል። ስህተትህን ሳገኝ ባለቤቴ ተመለሰልኝ፤ እጁን ሳይታጠብ የሚከራከረው።

ያ ቴሌስኮፕ አምና ኅዳር ላይ ወርዶ አየር ውስጥ ተቃጠለ። ፀሐይ ራሷ ኃይሏ ሲጨምር የላይኛውን አየር አስፋፍታ ጎትታ እንዳወረደችው ገበየሁ ነገረኝ። አዘንኩ፤ ግን ሥራውን ሠርቶ ነው የሄደው።

ባለፈው ሚያዝያ ደግሞ እጅግ የሚበልጥ ሌላ ላኩ። ብርሃናቸው ሰው ሳይፈጠር የተነሳ ከዋክብትን አጉልቶ ሊያሳይ፣ ዓለም ስንት ዘመኗ እንደሆነ ሊያስረዳ። ሰኔ ላይ ግን ትልቁ መስተዋቱ ጠርዙ ላይ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ልክ ተሳስቶ እንደተሞረደ ታወቀ፤ የሚያየው ይደበዝዝበታል። ያ ማረፊያ ክፍል ዳግመኛ ሳቀ። የዛሬው ርዕሰ መምህር መንገድ ላይ አቁሞኝ፣ "እመት ሙሉነሽ፣ የአሜሪካኖቹ መነጽር ታወረ አሉ። አሁንስ ምን ይሉናል?" አለኝ።

"ይጠግኑታል" አልኩት። ገበየሁ እንዳስረዳኝ ይህኛው ገና ሲሠራ ጀምሮ ሰው በየጊዜው እየወጣ እንዲያድሰው ታስቦ ነው የተሠራው። ጠፈርተኛ የሚይዘው እጀታ፣ የሚከፍተው በር አለው። መስተዋቱን መለወጥ ባይቻል እንኳ ለደከመ ዓይን እንደሚደረገው ማረሚያ ሊያደርጉለት ይችላሉ። መቼ እንደሚወጡ አላውቅም። ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ ዐሥርም ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ጦርነት እስከዚያ እኔ ልኑር አልኑር አላውቅም። ቃሌን ግን አላጥፍም።

ገበየሁ ሰኞ ክፍሉ መጥቼ ፀሐይን ለተማሪዎቹ እንዳሳይ ጠይቆኛል። ርዕሰ መምህሩ ሰምቶ፣ ጊዜው ጥሩ አይደለም፣ ስለ አሜሪካ መንኮራኩር ባይነሳ ይሻላል ብሎ ላከብኝ። መልእክተኛውን "ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ በልልኝ" አልኩት። እናትህም እመጣለሁ ብለዋል፤ ከፊት ወንበር ይዘጋጅልኝ እያሉ ነው።

ሰኞ እዚያ ክፍል ስገባ አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ እቆማለሁ። ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የምጽፈው ስምህን ነው፤ ያረጋል የሚባል መምህር እዚህ ያስተምር ነበር እላቸዋለሁ። የተናገርከውን እውነትም፣ የተሳሳትከውንም እነግራቸዋለሁ። ቢያወጡኝ ደጅ ቆሜ እነግራቸዋለሁ። እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አንተን የሚረሳበት ደባርቅ አይኖርም።

ባለቤትህ ሙሉነሽ
ደባርቅ፣ መስከረም ፲፱፻፹፫ ዓ.ም.