ለክረምቱ ይበቃል ወይ ላልከኝ

ቀወት፣ ሚያዝያ ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለቀድሞ ባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ የደጋ ብርድ እንዴት አድርጎሃል? ጤናህን የምጠይቀው ወግ ስለሆነ ነው እንጂ ሆዴስ እንደሻከረብህ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ድሮ አንቱ እልህ ነበር፤ ካምና ወዲህ ግን አፌ እምቢ ብሎኛል። ብትቀየመኝም ግድ የለኝም።

በአየለ እጅ የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። ጣልያን መንገዱን ቢዘጋ፣ ገበያ ቢቆም፣ ቀወት ራሱን ችሎ ጦርህን ክረምቱን ይቀልብ እንደሆነ አጥንተሽ ላኪልኝ ብለሃል። አጠናሁልህ። ቤት ለቤት ዞሬ ክርስቲያኑንም እስላሙንም ብለምን፣ ሰው ለወንድሙ እንኳ የማያሳየውን የእህል ጉድጓድ አሳዩኝ። የቄስ ልጅ ናት ብለው አመኑኝ።

እንግዲህ ስማ። ውሃ የሮቢ ወንዝ አለልን። ጥጡን ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ሸማኔም አለን፤ ራቁታችንን አንቀርም። ጨው አሊዩ አምባ ገበያ ካልተሄደ አይገኝም፤ አልጫ እንበላለን። ማሽላው እስከ አዲሱ እህል ያደርሰናል፣ ለዘርም ይተርፋል። አገሩ ራሱን ይችላል፤ አንተ ካልመጣህበት።

አምና ሰዎችህ ያደረጉትን ረሳኸው? ለአገር ነው ብላችሁ የዘሩን ማሽላ ሳይቀር ጠርጋችሁ ሄዳችሁ። ጣልያን ደግሞ ሽፍታ አበላችሁ ብሎ ቤታችንን አቃጠለው። ዘር ያበደረችኝ ጎረቤቴ ሐምዲያ ናት፣ ከልጆቿ ጉሮሮ ነጥቃ። አንተ እዚያ ስትፎክር እኔ ቁና ይዤ ደጃፏ ቆሜ ነበር። ይህን ይቅር አልልህም።

ጉድጓዱን ሁሉ አይቼ ስጨርስ ይህችው ሐምዲያ ጠራችኝና፣ እትዬ፣ ያገሩ እህል ሁሉ አንቺ ጭንቅላት ውስጥ ገባ፤ ይሄ ደግ ነው ብለሽ ነው ወይ? ብላ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ሰዉን ሰብስቤ፣ እህላችሁን አውጡና ሌላ ቦታ ቅበሩት፣ የት እንደቀበራችሁት ግን ለእኔም አትንገሩኝ አልኳቸው። እንዳልኳቸው አደረጉ። የራሴን ድርሻ እንኳ የቀበረችልኝ ሐምዲያ ናት፤ ቦታውን አላውቀውም። ያየኋቸው ጉድጓዶች ዛሬ ባዶ ናቸው። ብትመጣ ባዶ መሬት ስትቆፍር የቆላው ንዳድ ይዞህ ትቀራለህ።

እህሉን ከራሴ መደበቄ ይገርምህ ይሆናል። ጣልያን ገርፎ ያናግረኛል ብላ ፈርታ ነው ትል ይሆናል። የጣልያንን ጅራፍስ እችለው ነበር። የፈራሁት አንተን ነው። ከስተህ፣ ጠቁረህ፣ ደጄ ላይ ቆመህ ራበኝ ብትለኝ የዘሩን ጉድጓድ በእጄ እንደምከፍትልህ አውቃለሁ።

ስለዚህ አትምጣ። ማርያም ከጥይት ትከልልህ፤ የምትበላውንም እዚያው ደጋ ትስጥህ።

የቀድሞ ሚስትህ