ባለቤቴ ዳኛ የነበረ ጊዜ

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? በብርዱ ወራት የተራራው ነፋስ ዘንድሮም ከቤት አላስወጣ ብሎሽ ነበር ሲሉ ሰምቼ አዝኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ፣ ካለፈው እሑድ ወዲህ ሆዴ እህል አልቀበል ብሏል።

እንድጽፍልሽ ያዘዘኝ ባለቤቴ ኦታቪዮ ነው። የምጽፍልሽ ግን ያዘዘኝን አይደለም።

ያኔ ሥራ ተቋራጩ ጀራርዶ ላቪኛ ሲሚንቶ ቆጥቦ በአሸዋ የሠራው የትምህርት ቤት ጣሪያ ተደርምሶ ልጅሽን አሱንታን ከነጓደኞቿ ሲቀጥፋት፣ ባለቤቴ ማስፈራሪያውን ሁሉ ችሎ ሰውየውን ወህኒ አወረደው። ከፍርዱ በኋላ የወይራ ዘይት ይዘሽ ፖቴንዛ ከተማ ቤታችን ድረስ መጣሽ። እሱም "ዳኛ ስጦታ አይቀበልም" ብሎ ዘይቱን መለሰ። እኔ አፍሬ በደረጃው ተከተልኩሽ፤ ጓደኝነታችንም ከዚያ ጀመረ። በልቤ ግን እንዴት ኮርቼበት ነበር!

ከዚያ ጋዜጣው አነሣው፣ ፓርቲው ጠራው። የዳኝነት ካባውን አውልቆ ሮም ፓርላማ ገባ። የመጀመሪያውን ምርጫ ያሸነፈው የአሱንታን ፎቶ በየአደባባዩ ሰቅሎ ነው፤ አምነሽ የሰጠሽው አንቺ ነሽ። ቀጥሎ ፓርቲ ቀየረ፤ ደግሞ ቀየረ። እኔም ፖለቲካ እንዲህ ነው እያልኩ ሸሚዙን ስተኩስ ኖርኩ።

ያለፈው እሑድ፣ እንግዳ አለብን ብሎ ምሳ አሠራኝ። በሩን ብከፍት ላቪኛ ነው። እስሩን ጨርሶ፣ ወፍሮ፣ አበባ ይዞ ቆሟል። ኦታቪዮ ወደ ማድ ቤት ተከትሎኝ ገባና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የሦስት ሸለቆ ሰው ድምፁን የሚሰጠው የሱን አፍ አይቶ ነው። ቅጣቱን እንደሆነ ጨርሷል፤ ምን ላድርገው?" አለኝ።

የበግ ጥብሱን አቀረብኩ። ላቪኛ ጠገብ ሲል ወንበሩ ላይ ደገፍ አለና ጣሪያውን ሽቅብ እያየ፣ "ክቡር ዳኛ፣ መቼም ይሄን ጣሪያ እኔ አልሠራሁትም፤ ተረጋግተን እንብላ" አለ።

ባለቤቴ ሳቀ።

ለእንግዳ ክብር ፈገግ ያለ እንዳይመስልሽ። ከልቡ፣ አፉ ሥጋ እንደሞላ ሳቀ። ይህን ሁሉ ዘመን አብሮኝ ሲበላ የኖረው አፍ ያ ነው። ሳህናቸውን ከፊታቸው አንሥቼ ቆሻሻ ውስጥ ገለበጥኩት። ላቪኛ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ።

ኦታቪዮ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ በትዕግሥት ያስረዳኝ ጀመር፤ በመጪው እሑድ አንቺ፣ የአሱንታ እናት፣ አደባባዩ ላይ የምርጫ መድረክ ትወጫለሽ፣ ካሜራ ባለበት የላቪኛን እጅ ትጨብጫለሽ፣ ይቅር ብዬዋለሁ ትያለሽ፣ ሁሉም ሰላም ይሆናል። "አንቺን ታምናለች፤ ጻፊላት" አለኝ።

"እናት እኮ ናት" አልኩት።

"የምፈልጋትም ለዚሁ ነው" አለኝ።

ስለዚህ ለመድረኩ ሊወስዱሽ ሐሙስ መኪና ሲልኩልሽ በር አትክፈቺ። ይቅር ማለትም ሆነ አለማለት ያንቺና የፈጣሪሽ ጉዳይ ነው፤ ማንም ድምፅ አይለቅምበትም።

እኔ ቅዳሜ በአውቶቡስ እመጣለሁ። የአሱንታ ክፍል ባዶ ከሆነና ካልከበደሽ እዚያ አንጥፊልኝ። በዚህ ሙቀት የብርድ ካፖርቴንና የእናቴን ሥዕል ይዤ ስወርድ ብታዪኝ ግን መንደርተኛው ፊት ምንም አትጠይቂኝ።

የልጅሽን ነፍስ በቀኙ ያኑርልሽ፤ አንቺንም ወዳጅ መስሎ ከሚመጣ ይሰውርሽ።

በደረጃው የተከተለችሽ ጓደኛሽ