ለልብ ወለድ ሰው አንቱታ

ኅዳር 3፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ዛሬም ፈተና አርሜ ግማሹን ተውኩት። ፒያሳ፣ ሲኒማ ቤት፣ ከመ/ር ማቴዎስ ጋር። የት/ቤታችን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ፊልሙ የተሠራበትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያዋሰኝም እሱ። ደራሲው ከሞተ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ግን ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያውቅ! ሦስት ሳምንት ከእጄ አልወጣም። ፊልሙ ብዙ ቆርጧል፣ አንዲት ልጅ የጻፈቻቸውን ደብዳቤዎች በሙሉ። ተናደድኩ። ደግሞ አለቀስኩ።

የመጽሐፉን ዋና ሰው፣ ዘመዶቹ ከርስቱ ያባረሩትን ባላባት፣ ስናነብ ጎልማሳ አድርገን ነበር የምናስበው፣ «እሱ» እያልን። ፊልሙ ላይ ፀጉሩ ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ ሆኖ መጣ። ስንወጣ አፌ «እሱ» ማለት እምቢ አለኝ። «እሳቸው» አልኩ። ማቴዎስ ሳቀብኝ፣ ከዚያ እሱም እሳቸው አለ። ሻይ ቤት ገብተን ክርክር። መጽሐፉ ላይ ተመልሰው ርስታቸውን ይረከባሉ፤ ፊልሙ መርከብ ላይ ገደላቸው። እኔ ይመለሱ ባይ ነኝ፣ ጮክ ብዬም ተናገርኩ። ከኋላችን የነበረው ሰውዬ ሻዩን ሳይጠጣ ተነስቶ ሄደ። አልወደድኩትም።

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ

ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ወረቀት እያየ ጠየቀኝ። እሳቸው ማናቸው? መቼ ነው የሚመለሱት? ርስቱስ የት ወረዳ ነው? ሳቅሁ። መሬት ከተወረሰ ወዲህ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ማንም አልሳቀም። የልብ ወለድ ሰው ናቸው አልኩ። ናቸው! ምላሴ እዚያም አላረፈም።

«ለልብ ወለድ ሰው የምን አንቱታ ነው?» አለኝ። መጽሐፉን አምጪ ተባልኩ።

መጽሐፉን መልሼለታለሁ፣ ማቴዎስ ጋ ነው። እኔ ተጠራሁ፣ እሱ አልተጠራም። ለምን? ሻይ ቤቱን የመረጠው እሱ። ወንበሩንም እሱ። ማስታወሻዬ፣ ላንተ ብቻ ነው የምለው፣ ሰው ማመን አቃተኝ።

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

ማቴዎስ መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ለምን እንደፈለግኩት አልጠየቀም። የሚያውቅ ይመስላል።

ቀበሌ ወሰድኩት። ጸሐፊው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ነው፤ አንድ ገጽ ቃል በቃል ተረጎመ። እሱ መጣ፣ እሱ ተቀመጠ፣ እሱ አለ። እሳቸው የሚል የትም የለም ብሎ ዘጋው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም ብዬ ማስረዳት። «ታዲያ እናንተ ከየት አመጣችሁት?» አለ። ጉድ ፈላ። ማስረጃዬ በራሴ ላይ ዞረ።

ኅዳር 9፣ ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ

ማቴዎስ ትናንት ታስሯል። ዛሬ ቀበሌ ጠርተው የሰጠውን ቃል አሳዩኝ። «እሳቸው ማለት የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ እሷ እኔን ተከትላ ነው» ይላል። አስገድደውት ይሆን ብዬ ፊርማውን ደጋግሜ አየሁ። የሱ ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው።

አፈርኩ። ስንት ቀን ጆሮ ጠቢ አድርጌው ከረምኩ! እሱ ግን እኔን ከነገሩ ለማውጣት ዋሸ። ልክ ነው ብዬ ከሥሩ ከፈረምኩ በኔ በኩል ያልቃል። እስከ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ጊዜ ሰጥተውኛል።

ፈራሁ፣ በጣም። ግን አልፈርምም። ነገ ሄጄ የጀመርኩት እኔ ነኝ ብዬ አስጽፋለሁ። ሹራብና ሳሙና ሸክፌያለሁ።