የለመንኋቸው አሥር ቀናት

ነፍስን ሰጥቶ መልሶ በሚቀበለው በአላህ ስም።

ዛሬ ሐሙስ፣ በሒጅራ ሙሐረም 26 ቀን 1425፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መጋቢት 18 ቀን 2004፣ ከቀትር ሶላት በኋላ፣ ከጢሮስ በስተደቡብ ባለው የስደተኞች ሰፈር፣ በገዛ ቤቴ ሆኜ ይህን ኑዛዜ አስጽፌአለሁ። እኔ ሙኒብ ራጂህ ዐዋድ፣ ዕድሜዬ ስድሳ ስድስት፣ ሳንባዬ ታሞ ትንፋሼ ቢያጥርም አእምሮዬ ያልተነካ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የምናገር ነኝ። ሐኪሙ መጪውን በጋ እንደማልጨርስ ነግሮኛል። አልተከራከርኩትም። ክርክር ሙያዬ ነበር፤ አሁን ደክሞኛል።

ጸሐፊዬ መምህር ዓዲል ሰሩር ነው። ምስክሮቼ የመስጊዳችን ኢማም ሼክ ታውፊቅና የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሂክመት ናቸው። ብቸኛ ልጄ ሩዋይዳ ከአልጋዬ ራስጌ ተቀምጣለች። ወራሾቼ ሳይሆኑ በልመናዬ የመጡ ሌሎች ሁለት ሰዎችም አሉ፤ የሟቹ ወዳጄ የዘይዳን ኸሊል ሚስት ናዝሚያና ልጃቸው ዋዲዕ። ናዝሚያ የዚህን ቤት ደጃፍ ስትረግጥ በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። የቀረበላትን ሻይ አልነካችም።

ዓዲልን በመካከል የሚነገረውን ሁሉ ሳታስቀር ጻፍ ብዬዋለሁ። ሰው ከሞተ በኋላ ጠብ የሚነሣው ሳይጻፍ በቀረው ነገር ነውና።

ሸሪዓ ለልጄ የደነገገላትን አልነካም። የምናዘዘው ከተፈቀደልኝ ሲሶ ብቻ ነው።

ሁለቱ ክፍሎችና ከጣሪያው ላይ የጨመርኩት ሦስተኛው ክፍል የሩዋይዳ ናቸው። የዚህ አገር ሕግ ርስት በስማችን አይመዘግብልንምና የማስረክባት ካርታ የለኝም፤ የጎረቤቶቿ ምስክርነት ይበቃታል። እናቷ በሞተች ሳምንት እኔ በሰው አገር ሆቴል ተቀምጬ በአንድ ዐረፍተ ነገር አቀማመጥ ላይ እሟገት ነበር። ልጅቱን ያሳደጓት እነዚሁ ጎረቤቶች ናቸው። ስለዚህ በሕይወት እስካሉ ድረስ የጣሪያው ውሃ ማጠራቀሚያ እንደ ልማዱ የጋራ ይሁን።

በገሊላ ያለውን የአባቴን የወይራ መሬት በተመለከተ፣ ከዚያ ስንወጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስለዚያ መሬት ተኩሼአለሁ፤ ስለዚያ መሬት ተናግሬአለሁ፤ አንድ ስንዝር አላስመለስኩም። ነገር ግን የእኛ አይደለም ተብሎ በተጻፈ ወረቀት ላይ አልፈረምኩም። ሩዋይዳም አትፈርም።

በጓሮ ከሎሚው ሥር በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ክላሽንኮቭ ተቀብሯል።

“ለካ ሎሚው እንዲህ የሚኮመጥጠው ለዚህ ነው” አለ ሂክመት።

ሼክ ታውፊቅ፣ “ይሄም ይጻፍ?” ብሎ ጠየቀ።

ይጻፍ። ጠመንጃው ለየትኛውም ወገን አይሰጥ። የየወገኑ ወጣቶች መጥተው “የታጋዩ መሣሪያ ነው፣ ለትግሉ ይዋል” ይላሉ። ዛሬ በዚህ ሰፈር ጥይት የሚተኮሰው በሠርግና በወንድም ላይ ነው። ቀጥቃጩ ዘንድ ተወስዶ ምስክሮቼ እያዩ ይቆረጥ።

በሣጥን ያሉት ሦስት ሙሉ ልብሶቼ ለሚያስፈልገው ሰው ይሰጡ።

“አባባ፣ እነሱን እኮ ብል በልቷቸዋል” አለች ሩዋይዳ።

እንግዲያው ብሉ ወርሷቸዋል።

ጀልባዬ ከነሞተሯና ከነመረቧ ለዋዲዕ ዘይዳን ትሰጥ። ዋዲዕ በወደቡ የሞተር ጠጋኝ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ያውቃታል። ይህ የደም ካሳ አይደለም፤ የአባቱ ደም በጀልባ አይካስም። አባቱ በሕይወት ቢኖር ኖሮ አብረን በሸመገልን ጊዜ ዓሣ ልናጠምድ ተነጋግረን ስለነበር ነው።

ዋዲዕም፣ “አጎቴ፣ የምን ደም ነው የምታወራው? አባቴን የገደሉት እነማን እንደሆኑ ይታወቃል” አለኝ።

የገደሉት ይታወቃሉ። እዚያ ቦታ ያስቀመጠው ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ይህን ሁሉ ሰው ያስጠራሁት ስለዚሁ ነው። ያለብኝ ዕዳ ይህ አንዱ ብቻ ነው።

እኔና ዘይዳን በአንድ ረድፍ ድንኳን ያደግን ነን። በፈረንጆቹ ስድሳ ሰባት፣ ዐረቦች በጦርነቱ ከተሸነፉ በኋላ፣ አብረን ወደ ታጋዮቹ ድርጅት ገብተን ጠመንጃ አነሣን። በዮርዳኖስ ሸለቆ ጭኔን ተመትቼ ስወድቅ ሁለት ቀን ሙሉ በጀርባው አዝሎ ያወጣኝ እሱ ነው። “ከብደሃል፤ ቢያንስ ወሬህን ቀንስልኝ” ይለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እግሬ ለገደል የማይሆን ሆነ። በወጣትነቴ በቤይሩት ሆቴል አስተናጋጅ ሆኜ ፈረንሳይኛ መማሬን አለቆቻችን ሰምተው የድርጅቱ መልእክተኛ አደረጉኝ። እሱ በድንበር፣ እኔ በጠረጴዛ ሆንን። በተገናኘን ቁጥር ይሣለቅብኝ ነበር፤ ያኔ ግን ሣቁ መርዝ አልነበረበትም።

በፈረንጆቹ ሰማንያ፣ በየካቲት፣ ጄኔቫ ላይ በአማላጆች በኩል ስለ እስረኞች ልውውጥ ስንነጋገር አምስተኛ ወራችን ነበር። በእጃችን ያለን አንድ የተማረከ የጠላት ወታደር ሰጥተን አርባ አንድ የታሰሩ ሰዎቻችንን ልንቀበል ስም በስም ተስማምተን ፊርማው ብቻ ቀርቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ዘይዳን ሦስት ሰዎች ይዞ ድንበሩን ሊሻገር መዘጋጀቱን ሰማሁ። አለቆቻችን ሁለቱንም ያውቃሉ፤ ሁለቱንም “በርቱ” ብለዋል። የልውውጡንም የውጊያውንም ወሬ በአንድ አፍ መናገር ልማዳቸው ነበር። ስለዚህ እኔው ራሴ በአውሮፕላን ተመለስኩ። ጠዋት ሰዎቹን ይዞ በተደበቀበት የብርቱካን እርሻ ውስጥ፣ ከውሃ መሳቢያው ቤት ፊት ለፊት አገኘሁት።

“ያንን ክራባት ፍታልኝ፤ ሳየው ያንቀኛል” አለኝ።

“አሥር ቀን ስጠኝ” አልኩት።

“ለማን ነው የምሰጠው?”

“አርባ አንድ ሰው ዝርዝር ላይ አለ። አንተ ከተሻገርክ ወረቀቱን ይቀዱታል።”

“እሺ፣ አርባ አንዱ ወጡ እንበል። በማግስቱ ሌላ አራት መቶ ቢያስሩስ? ደግሞ አሥር ቀን ልትለምነኝ ነው?”

“እለምንህ ይሆናል።”

“ስማ ሙኒብ፣ እነዚያ ሰዎች ወንበር የሚስቡልህ የኔን ጠመንጃ ፈርተው ነው። ፈረንሳይኛህ አምሯቸው መሰለህ?”

“አይደለም። ግን አንተም በተኮስክ ቁጥር ወንበሩን ይወስዱታል። እኔም ቆሜ እቀራለሁ።”

ብርቱካን ልጦ እኩሌታውን ሰጠኝ።

“አሥር ቀን” አለ። “ለጄኔቫ ብዬ እንዳይመስልህ። ለአንተ ብዬ ነው።”

ዘይዳን በአንድ ቦታ ከሁለት ቀን በላይ አድሮ የማያውቅ ሰው ነበር። ተሻግሮ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚገጥመው አላውቅም፤ ምናልባትም በዚያው ይሞት ነበር። ነገር ግን መሣሪያውና ስንቁ በውሃ መሳቢያው ቤት ስለነበረ ቃሉን ጠብቆ እዚያው ቆየ። በስድስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አውሮፕላኖች መጥተው ቤቱን ከነሰዎቹ አፈረሱት። አራቱም ሞቱ።

ወሬውን የሰማሁት ጄኔቫ፣ የሆቴሉን ደረጃ ስወርድ፣ ከበረኛው ሬዲዮ ነው። አማላጁ አዛውንት መልካም ሰው ነበር። “ዛሬ ባንሰበሰብስ?” አለኝ። አቋርጬ ብነሣ ዘይዳን አይመለስም፤ አርባ አንዱም አይወጡም። “እንሰብሰብ” አልኩት። ገባሁ። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው የጠላት ተደራዳሪ ዐይኑን ከወረቀቱ አላነሣም። በአሥረኛው ቀን ፈረምኩ፤ የዘረጋልኝንም እጅ ጨበጥኩ። ፎቶግራፉ በጋዜጣ ወጥቶ ሰፈራችን ደረሰ። ናዝሚያ ገና ሐዘን ላይ ነበረች።

ድርጅቱ በግድግዳ የለጠፈው ወረቀት “ወደ ድንበር ሲገሰግሱ ወደቁ” ይል ነበር። ከመታተሙ በፊት ጠይቀውኛል። “ይሁን” ብያለሁ።

እዚህ ላይ ዓዲል ብዕሩን አስቀመጠ። ይህንንም ጻፍ ብዬዋለሁ። ዓዲል ከአርባ አንዱ አንዱ ነው፤ በእስር ስምንት ዓመት ነበረ።

“ስንተኛ ነበርኩ?” ብሎ ጠየቀኝ።

“አሥራ ሰባተኛ።”

“ከወጣሁ በኋላ አገባሁ፤ አራት ልጆች ወለድኩ። በየዓመቱ በዘይዳን መቃብር ላይ ቆሜ ንግግር አደርጋለሁ። እና እርስዎ እስከዛሬ ዝም ብለው ያዳምጡኝ ነበር?”

አዳምጥህ ነበር። ንግግርህ መልካም ነው፤ ይረዝማል እንጂ። የዝርዝሩ ዋና ወረቀት በሣጥኑ ውስጥ አለ፤ ለአንተ ይሁን። በሚቀጥለው ዓመት የሆነውን እንደሆነው ተናገር።

ዋዲዕ ከተቀመጠበት ተነሣ። አባቱ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር።

“ስለዚህ አባዬ እየተዋጋ አልሞተም” አለ።

“እየጠበቀ ነው የሞተው።”

“አንተን።”

“አዎ፣ እኔን።”

“ጀልባህን አልፈልግም” አለና ወጣ። ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ቆሞ ሲጋራ ሲለኩስ በመስኮቱ ይታየኛል። እናቱ ልትጠራው አልሞከረችም።

ስለዚህ ነገር የምመክረው ብዙ የለኝም። ዘይዳን ከእኔ ይልቅ ልክ ነበር ብዬ ልናዘዝ ፈልጌ ነበር፤ ከዚያ የዓዲልን ልጆች አስባለሁ። እኔ ልክ ነበርኩ ልበል ስል ደግሞ ዋዲዕ በደጄ ያልፋል፤ አረማመዱ የአባቱ ነው። ሃያ አራት ዓመት መዝኜ አልመዘን አለኝ። ከእንግዲህ የሚመዝነው አላህ ነው።

ናዝሚያን ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ። በባልሽ ደም ላይ እጅ የጨበጥኩ መስሎሽ ጠልተሽኛል፤ በደሌ ከዚያ የባሰ እንደነበረ አሁን ሰምተሻል።

ናዝሚያ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ተናገረች፤ ዓዲል ቃል በቃል ጽፎታል።

“ምን አዲስ ነገር ሰማሁ ብለህ ነው? ዘይዳን የዚያኑ ዕለት ነግሮኝ ነበር። ‘ሙኒብ አሥር ቀን ለመነኝ፣ ምን ላድርግ፣ ሰጠሁት’ አለኝ። ዳቦ ቋጥሬ ወደ እርሻው የምልክለትም እኔ ነበርኩ። እጅ መጨበጥህን ሰው ሲያወራ ሰማሁ፤ ሥራው ነው አልኩ። እኔ የጠበቅኩት አንተን ነው። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል፣ ‘እኔ ነኝ ያቆየሁት’ ይለኛል፣ አብረን እናለቅሳለን ብዬ ነበር። አርባ ቀኑ ወጣ፤ ሙት ዓመቱ ወጣ። አንተ በግድግዳው ወረቀት ተሸሸግህ። ለልጄም ያልነገርኩት፣ መናገሩ ያንተ ድርሻ ስለነበረ ነው። ሰላምታ የነሳሁህ ለዚህ ነው፣ የሩዋይዳ አባት። ለሌላ አይደለም።”



በመጨረሻ ስለ ቀብሬ እናዘዛለሁ። የድርጅቱ ሰዎች ሰንደቅና ተኩስ ይዘው እንዳይመጡ። ንግግር አይደረግ። በዘይዳን ጎን ልቀበር እመኛለሁ፤ ነገር ግን ናዝሚያ ከፈቀደች ብቻ ነው። ካልፈቀደች፣ ባዶ ቦታ በተገኘበት ያኑሩኝ፤ ማንም በእርሷ ላይ ቅር አይሰኝ።

ሼክ ታውፊቅ፣ “ምን ትያለሽ፣ የዋዲዕ እናት?” ብሎ ጠየቃት።

የቀዘቀዘውን ሻይ አንሥታ ጥቂት ጠጣች።

“ጎኑ የኔ ነው፤ ለራሴ ነው ያስከለልኩት” አለች። “በግርጌው በኩል ግን የአንድ ሰው ቦታ አለ። እዚያ ይሁን።”

በግርጌው ይሁን። እንዳለችው ተጽፎ ተነብቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ሙኒብ ራጂህ ዐዋድ፣ ፊርማ።

ምስክሮች፦ ሼክ ታውፊቅ ሙስለህ፣ ፊርማ። ሂክመት ናጂ፣ ፊርማ።

ልጅ፦ ሩዋይዳ ሙኒብ፣ ፊርማ።

ስለ መቃብሩ ቦታ ፈቃድ ሰጪ፦ ናዝሚያ፣ የዘይዳን ኸሊል ሚስት፣ የአውራ ጣት አሻራ።

ጸሐፊ፦ ዓዲል ሰሩር፣ ፊርማ።

ዋዲዕ ዘይዳን ከውጭ ተመልሶ ገብቷል። ኑዛዜውን ቆሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካነበበ በኋላ ከእናቱ አሻራ ሥር ፈርሟል። ጀልባዋን መቀበል አለመቀበሉ ለጊዜው ሳይወሰን ቀርቷል።