የነዋራ አምባሮች

ለውድ ወንድሜ ለሸውቂ፤ ኩዌት ላይ ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ ግብፅ፣ ዱምያጥ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማም ጉልበት ተሽሏታል።

ትናንት የአብሮ አደጌ የነዋራ አርባ ነበር። ትሪ ይዤ ስገባ ባሏ ሪፍዓት ሥጋውን በሁለት እጁ ይግጣል። ቅባቱ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል።

«ሩዙ ጨው አንሶታል» አለኝ። ለነዋራም እንዲሁ ነበር የሚላት።

አስከሬኗን ያጠብነው እኔና አጣቢዋ እሙ ሰይድ ነን። ክንዷን ሦስቴ አጠብኩት፣ አምስቴ አጠብኩት፣ ሰባቴ አጠብኩት፤ ወይን ጠጁ ሰንበርም የቆየው ቢጫም አልለቅ አለኝ። እሙ ሰይድ «አጣቢ ያየችውን ሸፍና ነው የምትወጣው፤ አፍሽን ያዢ ልጄ» አለችኝ። ይዣለሁ።

ሪፍዓት ትሪው ሳይነሳ እማን አስጠርቶ ልጅህን ሀናዲን ለትዳር ጠየቀ። እማ «ለሚስቱ እንዲህ ያለቀሰ ሰው ከየት ይገኛል?» እያለች ደስታዋን አልቻለችውም። ለበዓል ስትደውልልህ እሺታህን ትጠይቅሃለች። መልስ ከመስጠትህ በፊት ከሥራ ፈቃድ ወስደህ ብቅ ብትልስ? ናፍቀኸናል።

ለሀናዲ አራት የወርቅ አምባርም ከኪሱ አወጣላት። «አዲስ ናቸው» ይላል። እኔ ግን አውቃቸዋለሁ። ከነዋራ እጅ በሳሙና ያወለቅኳቸው እኔ ነኝ፤ እጇ አብጦ አልወጣ ብለውኝ።

አላህ በሰላም ያገናኘን። ሀናዲ ትስምሃለች፤ እኔም የእሷን የእጅ አንጓ ስሜልሃለሁ።

እህትህ ራውያ